በእዝባር የሚጀምር

ብርኖ ላይ ኅዳር ነው፤ ትራሙ ያቃስታል፣
ዝናቡ መስኮቱን ባግድም ይመታል።
ሚላዳ ከፍታለች ገና ያልተጻፈ ገጽ፤
ሥራዋ ለዝምታ ማበጀት ነው ድምፅ፦
ይህ ፋንክሽን ምን ይቀበላል? ምን ሲሰጡት እምቢ ይላል?
የወሰደውን መንገድ ምን አድርጎ ይመልሳል?

ኮዱ የኦታካር ነው፣ የዘጠኝ ዓመት ሥራ፤
ሐተታ ሲጠይቁት በትከሻው የሚያወራ፦
«ስሙ ‹አጋጥም› ነው፤ ያጋጥማል፤ በቃ።
ስም ራሱ ካልተናገረ ምን ያደርጋል ጠበቃ?»

ቀላሉን አስቀደመች።
‹ስም› የሚባለው ከመጨረሻው እዝባር ወዲህ ያለውን ይሰጣል፤
‹ወላጅ› የሚባለው ከዚያው እዝባር ወዲያ የቀረውን ያወጣል።
መንገዱ ራሱ በእዝባር ቢያልቅስ?
ሞከረችው። ባዶ መጣ፣ ደጅ ላይ እንደ ቀረ ነፋስ።
«ባዶ ይመጣል» ብላ ጻፈች፤ ሰው ደንግጦ እንዳይመለስ።

እኛ ዘንድ ሁለት ነጥብ፣ አንዱ ባንዱ ላይ ቆሞ፣
ቃልን ከቃል ይለይ ነበር በብራና፣ አስቀድሞ፤
እዚያ ጎን ለጎን ተኝተው «ውጣ» ነው ትርጉማቸው፣
«ከዚህ ማኅደር ወደ ወላጁ» ነው ምሥጢራቸው።
‹አጥራ› ሁለቱን ነጥብ ሲያገኝ የፊታቸውን ስም ይፍቃል፣
መንገዱን ሳይረግጥ፣ ደጁን ሳያንኳኳ፤ ዲስኩን መች ያውቃል?
«ይህ ፋንክሽን» ብላ ጻፈች «ፋይሉ መኖሩን አያረጋግጥም።»
አነበበችው። ስለ ብዙ ሰው የተባለ መሰላት። አልሰረዘችም።

አሁን ግን ያ ደብዳቤ።
ብላዠና የምትባል፣ ከቪሶቺና ኮረብታ፣
የመንደር ዜና መዋዕል ጸሐፊ፣ ሰባ አንድ ዓመት ሞልታ፣
ኮድ የተማረች በበረዶ ወራት፣
ከመንደሩ ቤተ መጻሕፍት፣ ሐሙስ ሐሙስ ማታ፣ ስድስት ሆነው ባንድ ምድጃ ፊት።
ሃያ መስመር ጻፈች፦ ‹ጊዜያዊ› ከሚለው ማኅደር ጋር
የምትተይበውን ስም አጋጥሞ፣ ያንን ጠርጎ እንዲያባርር።
አንድ ምሽት ጣቷ ሳተ፤ ከስሙ ፊት እዝባር ነካች።
‹አጋጥም› በእዝባር የሚጀምር ሲያይ የግራውን ይጥላል፣
ከሥር ይነሣል፣ እንደ አዲስ ይጓዛል፤ ማንን ይጠይቃል?

የእሳት አደጋ ክበቡ ከአዲሱ ፓምፕ አጠገብ ቆሞ፣
ወንዙ የዳቦ ቤቱን ደረጃ የዋጠበት ዓመት፣ ቄሱ በጀልባ፣
ሦስት ሰርግ፣ አንድ የፈረሰ ድልድይ፣
ስሟ ያልታወቀ ልጅ ከነዝይዋ፦
ባንድ እስትንፋስ።

«ማንንም አልከስም» ትላለች። «ግን ተጽፎ ነበር ወይ?
ፈልጌ አጣሁት። ዓይኔ ደክሟል፤ አልፌው ይሆን ወይ?»

አላለፈችውም። ሚላዳ ታውቃለች፤ የሚታለፍ አልነበረም።

ለኦታካር ደወለች። «ይህን የማያውቅ የለም» አላት።
«‹የለም› ማን ነው?» አለችው። ዝም አላት።
መጥበሻ ተሰማ፣ ከዚያ የቧንቧ ውኃ፣ ከዚያ ድምፁ ቀስ ብሎ፦
«እኔም ያወቅሁት አንድ ሌሊት የራሴን አጥፍቼ ነው፤
ማንም አልነገረኝ፤ ለማንም አልነገርሁ። ነውር ነው።»

ጻፈች፤ ረዘመባት፤ ለብላዠና ላከችላት።
በቀይ ቀለም ተሸንትሮ፣ በሦስተኛው ቀን መጣላት፦
«‹ፍጹም መንገድ› ያልሽውን እኔ ቢጤ በምን ይወቀው?
‹በእዝባር የሚጀምር› በይ፤ ዓይን የሚያየው እሱን ነው።
‹ሊጣል ይችላል› ደግሞ ምንድን ነው?
ወንዙ ደረጃውን ሊውጥ ይችላል ብዬ አልጻፍሁም፤
ዋጠው ነው ያልሁት።»

አሁን ከገጹ አናት፣ ከምሳሌው በፊት፣ እንዲህ ይላል፦
«ሁለተኛው በእዝባር ከጀመረ የፊተኛው ሁሉ ይጣላል።
አይጠየቁም።»
የመጨረሻዋን ቃል ኦታካር ሊያስወጣት ነበር፤ ተወው።
ትራሙ አለፈ። ሚላዳ ወደሚቀጥለው ፋንክሽን ወረደች፤
እሱም ስለ መንገድ ነው፤ እሱም ሐተታ የለው።