የረገበ ገመድ

አርባ ዓመት ጎተተ፣ በትንሽ ጀልባ ላይ፣
ሲብረን፣ የሃርሊንገን፣ ከግራጫ ባሕር፣ ከግራጫ ሰማይ፤
የጨው መርከቡን፣ የእህልና የእንጨት፣
እንደ ሰከረ በሬ የሚወላገደውን ባለሺህ ቶን ብረት፣
በአንዲት ገመድ ጫፍ አስሮ ሲያስገባ
ወደቡ ያውቀዋል፣ ሲነጋ ሲጠባ።
አንድ ሕግ ነበረው፣ ከአባቱ የወረሰው፦
«እንዳይረግብ ገመድ! የረገበ ገመድ ነው፣ ስንት ሰው የጨረሰው።»

ጡረታ በወጣ በሁለተኛ ዓመቱ
የአራት ወር ቡችላ ገባችለት ቤቱ።
ሚፕ ነው ስሟ፤ ጥቁርና ነጭ፣ ጆሮ የተንጠለጠለ፣
እግሯ ከሌላ ትልቅ ውሻ የተዋሰችው የመሰለ።
ኪሎዋ ሰባት ነው፤ የድንች ጆንያ ሩብ እንኳን አትሞላ፤
ግን በሩ ሲከፈት — እግዚኦ! — ሞተር ነው ወይስ ቡችላ?

ጎተተችው።
ሺህ ቶን ጎታቹን ሰው፣ ሰባት ኪሎ ፍጡር፣
ወደ ዓሣ አንጀት ሽታ፣ ወደ ብስክሌት ጎማ፣ ወደ መብራት እንጨት ሥር።
እሱም በልማዱ እግሩን ተከለና መልሶ ሳባት፤
እየሳለች ሳበች። ሳሏ እሱን አመመው፣ እሷን ግን አልገታት።
የዳቦ ሻጩ ሚስት በመስኮት አየች፣
«ካፒቴን፣ ዛሬ ደግሞ ማን ነው ማንን የሚያስገባ?» ብላ ጠየቀች።

ሂስኬ፣ የጎረቤት ልጅ፣ አሥር ዓመት ከመንፈቅ፣
ጥርሷ በሽቦ የታጠረ፣ ሽማግሌ ለመምከር የማትሳቀቅ፣
አጥር ላይ ተቀምጣ፦ «ስትጎትት ይቁሙ፣
ዛፍ ይሁኑ» አለች፣ «ምንም አይቅደሙ።
አይሳቡ፣ አይናገሩ፣ ደግሞም አይቆጡ፤
ዞር ብላ ስታይዎ፣ ገመዱ ሲረግብ፣ ያኔ አይብ ይስጡ።»
«ሲረግብ?» አላት፣ ቃሉን እንደ ስድብ ቆጥሮት።
«ሲረግብ። እንደ ልብስ ማስጫ፣ እርጥብ ሱሪ ከብዶት።»

የመጀመሪያው ቀን፦
ከበሩ እስከ መብራቱ ስምንት እርምጃ፣ ሃያ ደቂቃ።
ሄደ፣ ቆመ። ሄደ፣ ቆመ። ዝናብ መጣ፣ ዝናቡም አባራ፣ እሱ አላበቃ።
ፖስተኛው ሄዶ፣ ደብዳቤውን አድርሶ፣ ዞሮ ሲመለስ
ሲብረን እዚያው ነው፣ ሦስተኛው ጡብ ላይ፣ አይብ በኪሱ ሲፈርስ።

በሁለተኛው ቀን ማሰሪያውን በላች።
በሦስተኛው፣ አልሄድም ብላ፣ በጀርባዋ ተጋደመች።
በአራተኛው አንዲት የባሕር ወፍ ከጣሪያ ወረደች፣
ያ ሁሉ ትምህርት ውሃ በላው፤
ሲብረን በመርከበኛ አፍ ተሳደበ፣ ሂስኬ ጆሮዋን ያዘች።

ማታ መዳፉን ዘርግቶ ጠባሳውን አየ፤
ገመድ የጻፈበት ነው። ከዚያ ሌላ መች ለየ?
መርከብ ስቧል፤ ወንበር ስቧል፤ አንድ ጊዜም ልጁን
ከባቡር ጣቢያ በር፣ እየጎተተ እጇን፣
ቤት መልሷት ነበር።
እሷም ጸጥ ብላ እራት በላች።
በማግስቱ ሄደች።
ይህን ለሚፕ አልነገራትም።

በአሥራ አንደኛው ቀን፣ ማክሰኞ፣ ነፋሱ ከምዕራብ፣
ሚፕ ወጣች፤ ሳበች። ቆመ። እሷም ቆመች፣ እንደምታስብ።
ዞረች። አየችው።
መጥታ ከጉልበቱ ጎን ሆነች፤
አምስት እርምጃ፣ አሥር፣ ዳቦ ቤቱን አለፈች፣
ሲብረንም አለፈ፣ ትንፋሹን ውጦ፣
እጁ ላይ ምንም ሳይከብደው፣ በዚያ ቅለት ደንግጦ።
በመሐላቸው ገመዱ ወደ ታች ጎበጠ፣
ከእጁ እስከ አንገቷ፣ ልጅ እንደጻፈው ትንሽ ያዘመመ፣
ሆዱ ወደ ምድር፣ አፉ ወደ ሰማይ፣
እነሱ የማያውቁት፣ እኔ የማውቀው ፊደል፦
ሀ።

ከዚያ ወፏ መጣች።
ገመዱ ተወጠረ፤ «ሀ» ተሰረዘ።
ሲብረን ቆመ፣ ዛፍ ሆነ፣ ኪሱ ውስጥ አይቡን ያዘ፣
እንደገና ሊጀምር፣
ከሀ።