ፊልትሮ

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት፣ ስልኬ ሲያንቃጭል፣
"ቤቴ ጸጥ ብሏል" አለኝ፤ "ቀዝቅዟል" ሳይል።
ሠላሳ ዓመት ሙሉ በዚህ ሙያ ስኖር
ሰው ሁሉ የሚነግረኝ ስለ ብርዱ ነበር፤
ኤልዚር ግን ያማረረው ቤቱን የወረሰው ዝምታ፣
ምድር ቤት ያለው ማሞቂያ ማጉረምረሙን ቢተው ማታ።

በፎርት ስሚዝ፣ በጥር ወር፣ ፀሐይ የሩቅ እንግዳ ናት፤
ካፖርቷን እንኳ ሳታወልቅ "ልሂድ፣ መሸ" ባይ ናት።
ሌሊቱ ግን ባለቤት ነው።
ከዜሮ በታች አርባ ሰባት፤ ምራቅ ሳይወርድ የሚጠጥርበት።
ባትሪና ካቻቢቴዬን ከብብቴ ሥር አቅፌ፣
ቆሞ በጠፈጠፈ ጎማ፣ እያነከስኩ፣ ድልድዩን አልፌ፣
ደረስኩ።

በሩን ከፈተልኝ፤ ሁለት ኮፍያ ደርቦ፣
ብርድ ልብሱን ወገቡ ላይ በጀልባ ገመድ ስቦ።
ወንዙ ላይ አርባ ዓመት ጀልባ የነዳ ሰው፣
አሸዋና ማዕበል ያላንበረከከው፣
የቆርቆሮ ሳጥን ፊት ቆሟል ልጅ መስሎ፣
"ይኼን እሷ ነበረች የምታውቀው" ብሎ።

እሷ ፊሎሜን ናት። ካለፈች ሁለት ዓመቷ።
እሳቱ የሷ ነበር፣ ውሃው ደግሞ የሱ፤
እንዲያ ተካፍለው ነበር ገና ጎጆ ሲቀልሱ።

ክዳኑን ፈታሁት። ተንበረከክሁና
ማብሪያውን ተጫንሁት፤ ሞተሩ ተነሣ፤ እሳት ተለኮሰና፣
ደቂቃ ሳይሞላው ድርግም። ሦስት ጊዜ ሞከረና
በአራተኛው ተቆለፈ። ቀይ መብራት። ጸጥታ እንደገና።

ነበልባል ጠባቂዋን ዘንግ አወጣሁ፤ ጥላሸት ለብሳለች፤
በሽቦ ፈተግኋት። አበራች? አላበራች።
ወጥቼ የጭስ ማውጫውን አፍ በባትሪ አየሁት፤
ከገዛ ትንፋሹ የበረዶ ጢም አብቅሏል፤ በመዶሻ ሰበርሁት።
ያም አልሆነ።
በመጨረሻ ፊልትሮውን ሳብሁት። እምቢ አለ። ደግሜ ሳብሁት።
ሲወጣ የበግ ለምድ ሆኗል፤ ሁለት ዓመት አልነኩት።

እሳት ብቻውን አይኖርም፤ እንደኛው ይተነፍሳል፤
አፍንጫውን ከደፈኑት በገዛ ሙቀቱ ይታመማል፤
ቤቱን ከማንደድ ብሎ መጥፋቱን ይመርጣል።

"ምነው ኤልዚር?" አልሁት። "ሰባት ዶላር እኮ ነው ዋጋው!"
ዝም ብሎ ሄዶ አመጣ፤ ስድስት አዲስ ፊልትሮ፣ ላስቲኩ ያልተነካው።

ከዚያ ባትሪዬን ወስዶ የሳጥኑን ጎን አበራ።
የአናጢ እርሳስ። የሴት እጅ። ከላይ እስከ ወገብ፦

«ጥቅምት። ፊልትሮ ቀየርሁ።»
«ጥር። ቀበቶው ተበጠሰ፤ በካልሲ አሰርሁት።»
«ቴሬዝን ወለድሁ። ፊልትሮው ዘገየ።»
«መስከረም። ኤልዚር ወንዝ ላይ ነው። እሳቱ ደህና።»
«መጋቢት። ቀየርሁ። ደከመኝ።»

ከዚያ በታች ባዶ ቆርቆሮ።

"ፊልትሮውን ብቀይር መጻፍ አለብኝ" አለ፤ "ከጻፍሁ ደግሞ፣ ቨርና፣
የሷ መስመር የመጨረሻዋ ሆነች ማለት ነውና።"

መልስ የለኝም። ያለኝ ካቻቢቴ ነው።

አዲሱን አስገባሁ፤ ቀስቱን ወደ ነፋሱ መሄጃ አዙሬ።
ተጫንሁ። ሞተር። ብልጭታ። ሰማያዊ ነበልባል።
ሁለታችንም ጮክ ብለን ቆጠርን፤ ሽማግሌው በፈረንሳይኛ፤
ሃምሳ ዘጠኝ።
ስልሳ።
ስልሳ አንድ።
ግድግዳው ውስጥ ያለው ቆርቆሮ ተንጠራራ፤ ጣ፣ ጣ አለ፣
ከረጅም ጸሎት እንደሚነሣ ጉልበት።

ቦርሳዬን ስሸክፍ ወለሉ ላይ ተቀመጠ፤
እርሳሱን በምራቁ አራሰ፤ እንደ ተማሪ አቀረቀረ፤
ከታች፣ ከሲሚንቶው አጠገብ፣ ፊደሉ እየተንጋደደ ጫረ፦
«ጥር። ጠፍቶ ነበር። ቨርና መጣች።»

"ምነው ራቅህ?" አልሁት። "ከሷ መስመር ይህን ያህል ስፋት?"
ጓንቱን እያወለቀ፣ "ምናልባት" አለኝ፣
"የምትጨምረው ቢኖራት።"