አንድ በትር

አንድ ንጉሥ የለንም፣ ሦስት መቶ አሉን እንጂ፤
ሁሉም በየደጁ ቆራጭና ፈራጂ።
ጠራጊ ግን አንድ ነኝ፤
ከሳል ዛፍ ምሰሶ ሥር፣ ከሸንጎው አዳራሽ፣
የሦስት መቶ ነገሥታት የጭቃ እግር አባሽ።

ከጋንጋ ወዲያ ማዶ መልእክተኛ መጣ፣
ጥላ ተይዞለት ከመድረኩ ወጣ፤
«ጌታዬ እንዲህ ይላል» አለ አንገቱን አቅንቶ፣
«የኔ አገር አንድ አፍ ነው፤ የናንተ ሦስት መቶ።
ከሩዙ ስድስተኛ፣ ከጀልባው ላይ ቀረጥ፣
በየክረምቱ መባቻ ሠላሳ ፈረስ ምርጥ፤
እምቢ ካላችሁ ግን...» ብሎ ዝም አለ፤
ደጅ የቆመው ዝሆን ሙዛችንን ነቀለ።

ሦስት ቀን ተሟገቱ። ሽማግሌው ተነሣ፣
ጎረምሳው ተነሣ፣ የፈራውም ተነሣ፤
ማንም ሰው አላቋረጠ፣ ማንም እጅ አላነሣ።
«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ቢል ካጠገቡ አንዱ፣
«ታዲያ እኔን በላም ነገር ለምን ከሰስከኝ?» አለው ዘመዱ።
ሳቁ።
ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤት ሳቅ አልጠረግሁም።

«ቀዩ ለእሺታ ነው፣ ነጩ ለእምቢታ»
ብሎ በትር አደለ ቆጣሪው ጎዳታ።
ሲሰበስብ መሸ፤ ኩራዝ ይዤ ቆምኩለት፣
ቀይ መቶ ሃምሳ፣ ነጭ መቶ አርባ ዘጠኝ ሞላለት።
አንድ ጎደለ አሉ። «ሲሃሴና ታሟል፣
ትኩሳት ይዞታል፣ ከቤቱ ቀርቷል።»
በአንድ በትር ብልጫ አንገት ደፋን።

ሰው ከተበተነ፣ ምንጣፉን ሳነሣ፣
ነጭ በትር አገኘሁ፣ በሰው ጥርስ ተነክሳ።
እኩል ለእኩል ከሆነ ነገሩ ይደር ይላል የአባቶች ሕግ፣
ባሪያ ግን ቃል የለው፤ ማን ይሰማኛል ብጮኽ ባደገድግ?
ብናገር ጦር ይመጣል፣ ልጄ ጋሻ ይሸከማል፤
ዝም ብል ስድስተኛው ከልጄ ሳህን ይታፈሳል።
አገር በመዳፌ ይዤ ስንቆራጠጥ ነጋ።
ቢጫ ለባሽ መነኩሴ ለምጽዋት ቆሞ አየኝ፤
«ምን ይዘሻል?» አላለም። «እጅሽ ደከመ?» አለኝ።

ዘጠኝ ክረምት አለፈ።
የንጉሡ ሰፋሪ ቁና ይዞ ይመጣል፣
ስድስተኛውን ሰፍሮ፣ ለራሱ እፍኝ ይጨምራል፤
እኔ ሩዝ ስወቅጥ
ጠጉሬን በዚያች በትር እቋጥራለሁ።
ትናንት ጎዳታ፣ ዓይኑ የደከመው፣ በደጄ ሲያልፍ
ቀና ብሎ አያት።
ምንም አልተናገረ።
ከንፈሩ ብቻ፣ እንደ ድሮው፣
«አንድ» አለ።