ስድስት ፊደል

አውሮፕላኑ ሲያርፍ፣ ተሳፋሪው ሲወርድ፣
ሃያ አምስት ደቂቃ ነው ያለን፣ ለመጥረግ፣ ለመወልወል፣ ለመሄድ።
ውጭ፣ የፑንታ አሬናስ ነፋስ ክንፉን ይወዘውዛል፤
እዚህ ከተማ መንገድ ዳር ገመድ ተወጥሯል፣
ሰው እሱን ጨብጦ ያልፋል።

ጓንቴን አጥልቄ የወንበሩን ኪሶች ስፈትሽ፣ ስዳስስ፣
የብርቱካን ልጣጭ፣ የሕፃን ግራ ካልሲ፣ ጫፉ የተነከሰ እርሳስ፣
ከዚያ መሐል፣ እንደ ዋዛ፣ ጥሎት የወረደው ሁሉ፣
የመሳፈሪያ ወረቀት፦
ስሙ ከነአባቱ፣ ቀኑ ከነሰዓቱ፣ ሰውየው በሙሉ።

ጉዞው አለቀ፣ ወረቀቱም ሞተ ይመስለዋል።
ወረቀት አይሞትም።
የመመለሻው ቀን ገና እዚያው ተጽፏል።

ጥግ ላይ ስድስት ፊደል፣ ቢያነቧቸው ቃል ያልሆኑ፤
አጠገባቸው ሣጥን፣ ጥቋቁር ነጥቦች እንደ ጉንዳን የሰፈሩባት፣
ድዳ የሚመስሉ፣
ስልክ ፊት ሲቀርቡ ግን ሳይገረፉ የሚያምኑ።

የቤተሰብ ስምና ስድስት ፊደል፤ ሌላ ቁልፍ የለውም ቤቱ።
የገባ ገባ ነው፤ ስልክህን ያነባል፣ የፓስፖርትህን ቁጥር፣ የተወለድክበትን ቀን፤
ሲያሻው ይሰርዝሃል፤
በር ላይ ትቀራለህ፣ ሻንጣህ በእጅህ፣ ሳይገባህ ምክንያቱ።
አንዷ ደግሞ አዲስ ቀለበቷን ልታሳይ ወረቀቱን ይዛ ፎቶ ስትነሳው፣
ጣቷን አሳየችን፤ በሯን ከፍታ ረሳችው።

አውቃለሁ ስል፣ ሰው ነግሮኝ አይደለም።
ኔልዳ ከባሏ ሸሸች፤ ንጋት ላይ ወጣች «ዳቦ ልግዛ» ብላ፣
በዱቄት ጣሳ ዘጠኝ ወር ያጠራቀመችውን በጡት መያዣዋ ጠቅልላ።
ወደ ኢኪኬ፣ በረሃው ጫፍ፣ ወደ ሰሜኑ ዳር፤
አገሩ እንደ ቀበቶ ረዥም ነው፣ ከበረዶ ግግር እስከ ጨው ምድር።
አንዱን የትኬት ቅጂ ጥላው ነበር፣ ከድንች ልጣጭ በታች፤
አራት ቦታ አጥፋዋለች፣ አልቀደደችውም፤
ቸኩላ ነበረች።

ኦስማር አገኘው። የሚስቱን ፊት ማንበብ አይችልም፤ ፊደል ግን ያነባል።
ስሟን አስገባ፣ ስድስቱን ደረደረ።
በሩ ወለል አለ፤ «ማነህ?» ብሎ ማን ይጠይቀዋል?

እሷ ሳንቲያጎ ላይ ወንበር ተደግፋ ስታድር፣ በሌላ በረራ ቀደማት፤
ኢኪኬ፣ መውጫው በር ላይ፣ ከመስተዋቱ ማዶ፣
አበባ ይዞ ጠበቃት።
አሥራ አንድ ዓመት አበባ የማያውቅ እጅ!
ሰው ፈገግ አለ፤ «ታድላ!» አለች አንዲት ሻንጣ የምትጎትት ልጅ።

ኔልዳ ጉልበቷ ከዳት። ወደ ኋላ ተመልሳ ሽንት ቤት ገባች፤
እዚያ የምትወለውል ሴት፣ የፊት ጥርሷ የጎደለ፣
ምንም ሳትጠይቅ ሁሉን ተረዳች።
ሰማያዊ ሽርጧን አውልቃ አለበሰቻት፣
ጸጉሯን በሻሽ ሸፍና፣
የቆሻሻውን ጋሪ አስጨብጣ «ግፊ» አለቻት።
ጋሪ የምትገፋን ሴት ማን ቀና ብሎ ያያታል?
ከአበባው አንድ ክንድ ርቃ፣
ሽታው አፍንጫዋ እስኪገባ፣
በፊቱ አለፈች።

የዚያችን ሴት ስም አልጠየቅኋትም።
ሽርጧ አሁንም እኔ ላይ ነው፤ ቀለሙ ለቋል፣ ኪሱ ሁለቴ ተሰፍቷል።
ኦስማር ከሞተ ሦስተኛ ክረምቱ ነው፤ ወደ ነፋሱ አገሬ ተመልሻለሁ።
እጄ ግን መርዶውን አልሰማም፤ እስከዛሬ ይቀዳል፣ ይቀዳል፣
ወረቀት ባየ ቁጥር ይቀዳል።

አንተ፣ አሥራ አራት ሲ ላይ የነበርክ ሰው፣
ስምህን እስከ ግማሹ አነበብኩ፤ «ኤቫሪ» የሚለው ላይ ስደርስ ቀደድኩት።
ስምንት ቦታ፣ ከዚያ አሥራ ስድስት።
ፊደሎችህን ለያየኋቸው፦
ሁለቱን በዚህ ከረጢት፣ ሁለቱን በዚያ፤
የቀሩትን ሁለቱን በሽርጤ ኪስ ይዣቸው
ማታ ስወጣ፣ በአንድ እጄ ገመዱን፣
በሌላው
ለነፋሱ ሰጠኋቸው።

ነፋስ ማንበብ አይችልም።
በሰላም ግባ፣ ኤቫሪ።