ቀይዋ

በነሐሴ ንዳድ፣ በአቡ ሻጋራ፣
መኪና መረጣ ከመኪያ ጋራ።
እኔ ያሰብኩላት ነጯን ኮሮላ ነው፤
ዕቃዋ የትም ያለ፣ እንደማይጠጣ ሰው፣
ቀን ሙሉ ቢነዷት ድምፅዋ የማይሰማ፣
ዱባይ ሌሊት ሠርታ ለምትመጣ ደክማ።

እሷ ግን ቆመች፣ ቀይ ጎልፍ ፊት፤
ኋላዋ ጉርድ ያለ፣ ጎማዋ ሰፊ፣ ጥንድ ጭስ ማውጫ ያላት።
«ይቺማ የጎረምሳ ናት» አልኩ። ማግኔቴን በሯ ላይ ለጠፍኩ፤ ወደቀ።
ስቱኮ ነው። ደስ አለኝ፤ ልቤ ሳቀ።
ዘይቷን በጣቴ፣ ቺንጋዋን በዓይኔ፤
ሻጩ ኢምቲያዝ ይምላል ከጎኔ፦
«የአንዲት አስተማሪ ነበረች፣ ወላሂ፣ ያንድ ሰው መኪና!»
(ሻርጃ ያለ አሮጌ ሁሉ የአስተማሪ ነው።) እጁን ደረቱ ላይ አኖረ እንደገና።

መኪያ ገባች። ወንበሩን ሳበች፣ መስተዋት አቀናች።
መሪውን ይዛ፣ ሞተር ሳታስነሳ፣ ዝም አለች።
«ትናንት ሰባት አዋለድኩ። ‹ግፊ፣ ግፊ› ስል አደርኩ፤
አንዴ እንኳ እሺ የሚለኝ ነገር፣ ገና በእግሬ ጣት ስነካው፣ ፈለግኩ።
ደሞስ፣ ኮሮላዋን ለኔ ነው የመረጥካት፣ ወይስ ለፍርሃትህ?»

በስቱኮው ሰበብ ሁለት ሺህ ድርሃም አስቀነስኩ፣ በመልስ ፈንታ።

አሁን፣ ጎህ ሲቀድ፣ አራተኛ ፎቅ ተኝቼ፣
ከስንቱ ሞተር መሀል ድምፅዋን ለይቼ
እሰማለሁ፤ ጥግ ላይ ማርሽ ስትቀንስ ጎርነን ትላለች፤
መጣች።
ነጯ ብትሆን ኖሮ፣ ኮቴ የሌላት፣
በምን እለይ ነበር መግባት አለመግባት?
የራዳሩ ቅጣት በኔ ስልክ ይመጣል፤ ይምጣ።
ትራስ አገላብጬ እተኛለሁ፣ እሷ ደረጃ እስክትወጣ።