ጨው የሌለው ባሕር

ከዕረፍቴ ሦስት ቀን ብቻ ሲቀረኝ
«ባሕር ዳር ውሰጂኝ» ብሎ ጠየቀኝ።
«ጣና ነው?» አልኩት። ራሱን ነቀነቀ።
«ዳርቻ ያለው ውኃ፣ ማዶው የራቀ፤
ቅርብ ይሁን ግን፤ ጉልበቴ አለቀ።»

አባቴ በወጣትነቱ ምፅዋ ላይ መርከበኛ ነበር፤
ሠላሳ ዓመት ግን ጅማ መርካቶ ጎማ ሲለጥፍ ነው የሚኖር፤
የተነፋውን ከመነዳሪ ጎድጓዳው ውኃ ውስጥ ነክሮ
አረፋውን ሲያይ ዝም ይላል፣ አጎንብሶ፣ አንገቱን ሰብሮ።

የነዚፍን ቪትዝ ለአንድ ቀን ተከራየሁ፤
የቀኝ መስታወቱ አይወርድም፣ እያየሁ ተቀበልሁ።
አባቴ ከፊት፤ ከኋላ ልጄ ሐምዲያ፣
ጉልበቷ ላይ ሙዝ፣ አምባሻ፣ ባልዲና የአሸዋ መዛቂያ።

ቦዬ ስንደርስ ጭጋጉ ከረግረጉ ተነሥቶ
መንገዱን ዋጠው። አባቴ በሩን ገርበብ አድርጎ፣ ጣቱን ምራቅ አስነክቶ
ወደ ውጭ ዘረጋ። «ከምሥራቅ ነው» አለ። ነፋሱን ማለቱ ነው።
«ወደ ግራ ያዢ።» ግራው ግን አህያና ቦይ ነው።

ሰርቦን አለፍን። ጫት የጫነ አይሱዙ ጡሩንባ ነፍቶ
ጥሎን ሲከንፍ፣ «ይሄ ወደብ አያውቅም» አለ፣ ስቆ፣ እጁን አንሥቶ።
ከዚያ ወዲያ ዝም። በቆሎው ከመኪናዋ ቁመት በልጦ፣
አልፎ አልፎ የዋንዛ ጥላ መንገዱን ለሁለት ቆርጦ።
ሐምዲያ «ባሕሩ የታለ?» ትላለች በየመታጠፊያው።
እኔም አላውቅም። የጠየቅሁት ሁሉ «ትንሽ ነው» ነው የሚለው።

ደነባ አቅጣጫ፣ ከአስፋልት ወርደን፣ ኮረኮንቹ የመኪናዋን ሆድ እየፋቀ፣
ድንገት ኮረብታው ተከፈለ፤ ታች አንድ ነገር አብረቀረቀ።
ውኃ። ብዙ ውኃ። ደክሞት እንደተኛ ሰው የተዘረጋ፣
ጣቱን በየሸለቆው የሰደደ፣ ደረቱ የረጋ።

የጊቤ ግድብ ነው፤ ከካርታ ላይ አውቀዋለሁ፤
የቤታችን አምፖል ከሱ እንደሚጠጣም ሰምቻለሁ።
አባቴ ግን መኪናው ሳይቆም ነው በሩን የከፈተ፤
ቁልቁል ወርዶ፣ ጫማውን አውልቆ፣ እስከ ጉልበቱ ውኃው ውስጥ ተከተተ።
በመዳፉ ዘገነ። ቀመሰ። ጠበቅን።
«ጨው የለውም» አለ። ምን እንበል? ዝም አልን።

ዳርቻው አሸዋ የለውም፤ ቀይ ጭቃ ነው፣ የከብት ኮቴ ያቦካው፤
ሐምዲያ ባልዲዋን ገልብጣ ቤት ሠራችበት፤ ለሷ ልኩ ነው።

አንድ ሰው በታንኳ መጣ፤ ከሊፋ ይባላል፣ አሣ አጥማጅ፣
ሦስት ቆሮሶ በሽቦ የሰካ፣ ለሰላምታ ቀዳሚ፣ ለወሬ ወዳጅ።
አባቴ ስለ መርከብ ነገረው፤ ስለ ሞገድ፣ ስለ መልሕቅ ሰንሰለት፣
ባሕሩ አንድ ቀን እንዴት የሌላ አገር እንደሆነበት።

ከሊፋ ሰምቶ ሰምቶ፣ መቅዘፊያውን ወደ መሐል ቀሰረ፤
«ያቺ ዳክዬ ያለችበት ነው» አለ፣ «እትብቴ የተቀበረ።
ቀኝ በኩል ማሳችን፤ ወዲህ ማንጎው፤ ወዲያ መቃብሩ፤
ውኃው እንደ እንግዳ ነው የመጣ፣ በቀስታ፣ አንኳኩቶ በበሩ።
ካሳ ሰጡን። ኮረብታው ላይ ወጣን። አሁን እዚያው መረብ እጥላለሁ፤
አንዳንድ ቀን አልወጣ ብሎ ሲይዝብኝ፣ ማንጎው ነው እላለሁ።»

አባቴ ቆየ። ከዚያ «ስንት ክንድ ይጠልቃል?» ሲል ጠየቀው።
«ከቤቱ በላይ ነው፣ ከማንጎው በላይ?» አለ ከሊፋ።
ሁለቱም ሳቁ። ሳቃቸውን ውኃው ወሰደው።

ፎቶ አነሣሁ። የሚታየው ሁለት ጀርባ ብቻ ነው፣
መሐላቸው በሽቦ የተንጠለጠለ አሣ፣ ፀሐይ የሚመታው።

ስንመለስ መሸ። ቦዬ ላይ መኪኖች ቆመዋል ተሰልፈው፤
ጉማሬ ወጥታ ሣር ትግጣለች፣ ጡሩንባውን ከቁብ ሳትቆጥረው።
ሐምዲያ ተኝታለች፤ ባልዲው ከነጭቃው እቅፏ ውስጥ ነው።

ቤት ስንደርስ መብራት የለም። ሻማ ለኮስሁ።
አባቴ ከኮቱ ኪስ የውኃ ፕላስቲክ ሲያወጣ አየሁ፤
ከዚያው ቀድቶ ኖሯል። ጨው በሦስት ጣቱ ቆንጥሮ ጨመረበት፤
ክዳኑን ዘግቶ ነቀነቀው፤ ሻማውን አስጠግቶ አየበት።
«ቅመሺ» አለኝ።
ቀመስሁ። ጭቃ ጭቃ ይላል።
«እህ?» አለ፣ ዐይኑ እጄ ላይ ተሰክቶ።
«ትንሽ ይጨመርበት» አልኩት።