የሞተር ጆሮ

ጅማ ዝናብ ሲጥል፥ ሰኔ አጋማሽ ላይ፥
የባንኩ ቆርቆሮ ሲያንባርቅ ከበላይ፥
ሦስተኛው መስኮት ላይ እኔ ነበርሁ፥ ነስሩ፥
ከረባት ያነቀኝ፥ ከፊቴ የሰው ብሩ።
ጣቴ መቶ ሲቆጥር ልቤ ዘጠና አራት፥
ትጎድላለች ሁሌ ደግሜ ስቆጥራት።
ሁሉም ሒሳብ ዘግቶ ጃንጥላውን ሲያነሣ፥
እኔ ፍለጋ ላይ ነኝ ለጠፋች አንድ አምሳ።

ጆሮዬ ግን ውጭ ነው።
                    መታጠፊያው ጋ ቆማ
ባጃጅ ስታጓራ፥ ስታስል ስሰማ፥
«ካርቡሬተር» እላለሁ፥ ብር መቁጠሬን ትቼ፥
«አየር ሳበች» እላለሁ፥ መስታወት ተጠግቼ።
«ምን አልኸኝ?» ይላል ሰው፥ ደብተሩን ዘርግቶ፥
«አየር ነው እንዴ ያለው በኔ ደብተር ገብቶ?»

ከጎኔ ዘይቱና፥ ቁጥር የገራላት፥
ሳንቲም የማይዋሻት፥ ብር የማይጎድላት፥
የአጋሮ ነጋዴ የተወሳሰበ ሒሳብ
እንደ ሹሩባ ፈትታ የምትጎነጉን በሐሳብ።
እሷ ውላ ስትወጣ ፊቷ እንደ ጠዋት ነው፥
እኔን ሳልጀምረው የሚያደክመኝ ምነው?
አንድ ቀን ሣቀችና ጎንበስ አለች ወደኔ፥
«አትቀየመኝ፥ ነስሩ፥ አይቼህ ነው በዓይኔ፤
የሰው ጫማ አጥልቀህ ትነክሳለህ ጥርስህን፤
ጫማው ክፉ ሆኖ አይደል፤ አታውቀውም እግርህን።»

አባቴ፥ አባ ራያ፥ ሠላሳ ዓመት አዝሎ
ጆንያ ያራገፈ፥ ሂርማታ ላይ ውሎ፥
«አንገቴ ለጆንያ፥ አንገትህ ለከረባት»
ያለኝ ዕለት ትዝ ይለኛል፥ እንባ ያቀረረባት።
ያንን እንባ ምን ላርገው?
ሦስት ወር አመሸሁ አዌቱ ድልድይ ላይ፥
ቡናማ ጎርፍ ሲሄድ፥ ቆርኪና ቅጠል ሳይ።

ከዚያ አንድ ቅዳሜ ዱባለ ጋራዥ ገባሁ፥
አጂፕ፥ ከጎሚስታው ጎን፥ ጥግ ይዤ አደባሁ።
ሦስት ሰው ያሸነፈች አንዲት አሮጌ አይሱዙ
ስታስል ሰምቻት፥ «ቫልቩን» አልሁ «ያዙ!
ሁለተኛው ነው።»
               ዱባለ ሣቀ፥ ከረባቴን አይቶ፥
«የባንክ ሰው!» አለ። ከዚያ ዝም አለ፥ ከፍቶ።
አሥራ ሦስት ቁጥር ቁልፍ አቀበለኝ በእጄ፤
የመጀመሪያው ቁጥር ነው የገባኝ ተወልጄ።

የስንብት ደብዳቤዬን ዘይቱና አነበበች፥
ሁለት ግድፈት አገኘች፤ ሣቀች፤ ትንሽ አለቀሰች።

አልዋሽም፤ ደመወዜ ግማሹ ተቆረሰ፥
አውራ ጣቴ ተላጠ፥ ሱሪዬ ዘይት ለበሰ፥
ሽማግሌ የላክሁበት ቤት «ይቆይ» ብሎ መለሰ።
ግን ማታ ጋደም ስል እጄ ይሞቀኛል፥
የነገዋ ባጃጅ ሳል ካሁኑ ይሰማኛል።

አባቴ ዓመት ሙሉ በአጂፕ አላለፈ፥
«ልጅህስ?» ሲሉት ሰዎች፥ ስለ ዝናብ እያወራ ጥያቄ እያሳለፈ።
በኅዳር መጣ ድንገት፥ ጀኔሬተር አስጭኖ፥
የመጋዘኑ ንብረት፥ ጋሪው ላይ ተከድኖ።
ሰላምታ አልሰጠኝም።
«ይህችን ነገር» አለ፥ «ሦስት ቦታ ወሰድኋት፥
ትጣል አሉኝ ሁሉም፤ እኔ ግን ለመድኋት።»

ጎንበስ ብዬ ሰማኋት፤ ገመድ ሳብሁ አንዴ፤
ካንዴላዋን ነቅዬ አበስኋት በክንዴ።
ሁለቴ ሳል አለች፤ ሦስተኛው ላይ ረጋች፥
እንደ ጠገበች ድመት ሆዷን ይዛ አንኮራፋች።

አባቴ በርጩማ ስቦ ተቀመጠ፥
እጄን አየ፥ ዘይቱን፥ ጥፍሬን የተላጠ፤
አንገቴንም አየ፥ ቀጥ ያለ፥ ባዶውን፥
ጆንያም ያልነካውን፥ ከረባትም ያልያዘውን።
ምንም አልተናገረም።
ብቻ ጆሮውን ወደ ሞተሯ ዘንበል አድርጎ፥
«ትንሽ…» አለ በቀስታ፥ ዓይኑን ከደን አርጎ፥
«ትንሽ ትንቀጠቀጣለች፥ በስተግራ በኩል፤
አይሰማህም እንዴ?»

ሰማሁ። እውነቱን ነው። በስተግራ በኩል።

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከጆንያ ሥር የከረመ ጆሮ!

ቁልፉን አቀበልሁት፤
አሥራ ሦስት ቁጥር።